ድመቶቼን ከደረቅ ምግብ ወደ ጥሬ ሥጋ ላዛውራቸው?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አንዲት የ4 ዓመት ድመትና አንዲት የ5 ወር ግልገል አሉኝ። ከውጭ የሚገባው ደረቅ የድመት ምግብ ዋጋው ከአቅሜ በላይ እየሆነ ስለመጣ፣ ከሰፈራችን ሉካንዳ ቀይ ሥጋና ሳንባ እየገዛሁ በጥሬው ልመግባቸው አስቤአለሁ። ድመት አድና የምትበላ እንስሳ ስለሆነች ሥጋ ብቻውን የሚበቃት ይመስለኛል፤ እናቴም ድመቶቿን ያሳደገችው በሳንባ ነው። ስሕተት ካለብኝ ብታርሙኝ፣ አጀማመሩንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ (ከእንስሳት ሐኪም)፦
የእናትዎ ድመቶች በሳንባ ብቻ የኖሩ አይመስለኝም፤ አይጡንና ወፉን እያደኑ ጉድለቱን ሳይሞሉ አይቀሩም። ድመት አይጥ ስትበላ አጥንቱንም፣ ልቡንም፣ ጉበቱንም አብራ ትበላለች። አጥንት የሌለው የሉካንዳ ሥጋ ግን ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት፣ ፎስፈረሱ ደግሞ ከዚያ ከ10 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ሰውነቷ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቷ ይስባል፤ በማደግ ላይ ያለች ግልገል በዚህ ምክንያት ልታነክስ፣ ከአልጋ ስትዘል እንኳ እግሯ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ የግልገሏን ምግብ ለጊዜው አይንኩት።

ሌላው ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ድመት በበቂ መጠን ልትሠራው ስለማትችል ከምግቧ ማግኘት አለባት፤ ሲጎድልባት የዓይኗ ብርሃን ይጠፋል፣ የልቧም ጡንቻ እየተለጠጠ ይደክማል። የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1987 እ.ኤ.አ. ይህን የልብ ሕመም ከታውሪን እጥረት ጋር እስኪያገናኙት ድረስ፣ የፋብሪካ ምግብ የሚበሉ ድመቶችም ይሞቱበት ነበር። የበሬ ልብና የዶሮ ጭን ጥሩ ምንጮች ናቸው። ጉበት ግን ሲበዛ ቫይታሚን ኤ በሰውነቷ ተከማችቶ አንገቷን ያደርቀዋልና ከጠቅላላው ምግብ 5 በመቶ ገደማ ይብቃት።

መልስ (ከአንዲት ድመት አሳዳጊ)፦
እኔ የጀመርኩት ከደረቁ ምግብ ጋር አንድ የሻይ ማንኪያ ሥጋ በመቀላቀል ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ እስክትለምድ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። «ሲርባት ትበላዋለች» ብለው እንዳይጨክኑ፤ ድመት፣ በተለይም ወፍራም ከሆነች፣ ለጥቂት ቀናት ሳትበላ ከቆየች ስብ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ለሞት ያደርሳታል። አጥንት ለማይሰጥ ሰው፣ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል እንደ ዱቄት የላመ የእንቁላል ቅርፊት ይጨመራል። የበሰለ አጥንት ግን እየተሰነጠቀ አንጀት ስለሚወጋ ፈጽሞ አይሰጥም።

መልስ (ከሜሪላንድ)፦
እኛ ቁርጥና ክትፎ ወዳጆች ስለሆንን ጥሬ ሥጋ ብዙም አያስፈራንም። ይሁንና በዲሴምበር 2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት አንዲት የቤት ድመት፣ የወፍ ጉንፋን ተሕዋሲ የነበረበት በረዶ የሆነ ጥሬ የተርኪ (ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ) ሥጋ ምግብ በልታ ሞታለች፤ ማቀዝቀዣ ይህን ተሕዋሲ አይገድለውም። በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ጥሬ ሥጋ የምትበላ ድመት ጽንስን ሊጎዳ የሚችለውን ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋሲ ልታመጣ ስለምትችል፣ ኩሱን ሌላ ሰው በየዕለቱ ቢያነሳው ይሻላል። እኔ ቀቅዬ ነው የምሰጠው፤ ታውሪኑ ወደ መረቁ ስለሚወጣም መረቁን ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ከሥጋው ጋር አቀርብላታለሁ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ጥሬውን ትቼዋለሁ፤ ለግልገሏ ደረቁን መግዛቴን እቀጥላለሁ፣ ለትልቋም ልቡንና ጭኑን ከነመረቁ እሞክራለሁ። የእንቁላሉን ቅርፊት ከመፍጨቴ በፊት መቀቀል ያስፈልገኝ ይሆን?