የእህቴ ልጅ የጠየቀኝ ሦስት መጻሕፍት፦ አዲሱ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እትም ወጪው ይገባዋል?

የደብረ ብርሃኗ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ደብረ ብርሃን የምትኖረው ታላቅ እህቴ የ17 ዓመት ልጅ አላት። ከአምስት ዓመት በፊት አብራኝ የምትሠራ ሴት፣ ልጇ የተወውን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል ጨዋታ መጽሐፍ ሰጠችኝና፣ እንግሊዝኛውን ያሻሽልበታል ብዬ ሰው ሲሄድ ላክሁለት። ዛሬ ልጁ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእህቴ ቤት ከሰል ምድጃ ከብበው ይጫወታሉ። ለማታውቁት፣ አንዱ ተራኪ ሆኖ አገሩንና አደጋውን ያወራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ውጤቱ በሚያጠራጥርበት ቦታ ባለ 20 ፊት ዳይስ ይጣላል።

አሁን ልጁ በ2024 እ.ኤ.አ. መውጣት የጀመረውን አዲስ እትም ሦስቱንም ዋና መጻሕፍት ላኪልኝ ይለኛል። አንዱ 49.99 ዶላር ነው፤ ሦስቱ ታክሱ ሳይታሰብ 150 ዶላር ያህል ይመጣሉ። በዚህ ወር የቤት ኪራዬ ጨምሯል፤ እህቴ ደግሞ ክረምት ሳይገባ የጣሪያ ቆርቆሮ መግዣ እየጠበቀች ነው። ልጁን ማሳዘን አልፈልግም። ለውጡ እውነት ጠቃሚ ነው ወይስ ሽፋን ብቻ ነው የተቀየረው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ጣርማ በር

እህቴ፣ ይህን ጨዋታ 14 ዓመት ተጫውቻለሁ፤ ብዙውን ጊዜም ተራኪው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ። ጨዋታው መጀመሪያ የታተመው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልጁ እጅ ያለው በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም መሆን አለበት። የአዲሱ እትም የተጫዋቾች መጽሐፍ መስከረም 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ወጣ፤ የተራኪው በኅዳር፣ የጭራቆቹ ደግሞ በየካቲት ተከተሉ። አዲሱ አምስተኛውን እትም የሚያርም እንጂ የሚያፈርስ ስላልሆነ፣ በቀድሞው መጽሐፍ የተዘጋጁ ጀብዱዎች አሁንም ይሠራሉ።

ሽፋን ብቻ ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። በቀድሞው ሕግ የቆሰለ ተጫዋች የፈውስ መድኃኒቱን ለመጠጣት የተራውን ዋና ድርጊት ያጠፋ ስለነበር፣ ብዙዎች መድኃኒቱን በከረጢታቸው እንደያዙ ይወድቁ ነበር፤ አሁን በተጨማሪ ድርጊት ጠጥቶ በዚያው ተራ መምታት ይችላል። ቁስል የሚፈውሰው ዋናው ድግምት በአንድ ባለ 8 ፊት ዳይስ ይቆጠር የነበረው በሁለት ሆኗል። ድንገት የተደፈጠ ሰው የመጀመሪያ ተራውን ያጣ ነበር፤ አሁን የተራው ቅደም ተከተል ሲወሰን ሁለት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን ይወስዳል እንጂ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ቀድሞ «እመታለሁ» ከማለት በቀር ብዙ ምርጫ ያልነበረው ጦረኛም አሁን መሣሪያው ራሱ ምርጫ ይሰጠዋል፤ በትልቅ መጥረቢያ የመታ አጠገብ የቆመውን ሌላ ጠላት ጭምር ሊያገኝ፣ በጦር መዶሻ የመታ ጠላቱን ወደ ኋላ ሊገፋ፣ በረጅም ዱላ የመታ ደግሞ መሬት ላይ ሊጥል ይችላል። ዱላ ይዞ ላደገ የእኛ አገር ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በመጽሐፉ መጨረሻም የሕጎቹ ቃላት በፊደል ተራ ተፈትተው ተቀምጠዋል፤ አምስት ልጆች በአንድ መጽሐፍ ሲጫወቱ ስንት ክርክር እንደሚያስቀር እኔ አውቃለሁ።

ከሁሉ የምወደው ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ስድስት መለኪያዎች አሉት፤ እኔ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ግርማ ሞገስ እላቸዋለሁ። በ2014ቱ መጽሐፍ የመለኪያው ጭማሪ የሚመጣው ከትውልድ ነበር። ኤልፍና ኦርክ የሚባሉት የተረት ፍጡራን ናቸው፤ ኤልፍ ሆኖ የተወለደ ቀልጣፋ፣ ድንክ ሆኖ የተወለደ ጽኑ ይሆናል፤ ግማሽ ኦርክ የሆነ ደግሞ ጠንቋይ ልሁን ቢል እንኳ የሚጨመርለት ጉልበት ነው። በአዲሱ እትም በእንግሊዝኛው «ዘር» የሚለው ቃል ወጥቶ «ዝርያ» ለማለት የሚቀርብ ቃል ገብቷል፤ ጭማሪው ደግሞ ከትውልድ ተነሥቶ ወደ አስተዳደግ ሄዷል። ገበሬ ነበርህ? ጸሐፊ? ወታደር? ባሕታዊ? 16 አስተዳደጎች አሉ፤ እያንዳንዱም ሦስት መለኪያዎችንና አንድ ልዩ ችሎታ ይሰጣል። ሰው በተወለደበት ሳይሆን ባደገበትና በሠራበት ይመዘን ማለት ነው፤ የእኛ ልጆች ይህን በጨዋታ ቢማሩት እወዳለሁ።

የምንጃሯ

እህቴ፣ ቆርቆሮው ይቅደም። እኔም ከምንጃር ስልክ በተደወለ ቁጥር እምቢ ማለት አልችል ብዬ ሁለት ዓመት በብድር ካርድ ኖሬያለሁ፤ ዛሬም ወለዱን እየከፈልሁ ነው። ቢቸግር የተጫዋቾቹን መጽሐፍ ብቻ ግዢለት፤ የጭራቆቹና የተራኪው ሌላ ዓመት ይደርሳል። ልጁ 17 ዓመቱ ነው፤ ኪራይሽ መጨመሩን ብትነግሪው ይገባዋል።

የአንኮበሩ

ልጆቼ፣ ስለ ጨዋታው ከዛሬ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ ነገር ግን ምድጃ ከብበው የተቀመጡት አምስት ልጆች ከዓይኔ አልጠፋ አሉ። እኛም አንኮበር ሳለን ማታ ማታ በአያቴ ዙሪያ እንዲሁ ነበርን። «እንቆቅልህ» ትለናለች፣ «ምን አውቅልህ» እንላታለን፤ መልሱ ሲጠፋን «ሀገር ስጠኝ» ትላለች። ሰላ ድንጋይን ብንሰጣት አትቀበልም፣ ደብረ ሲናን ብንሰጣት አትቀበልም፤ በመጨረሻ የራሳችንን አንኮበርን ስንሰጣት «አንኮበር ገብቼ፣ ምን አጥቼ» ብላ ትጀምር ነበር። ከወጣሁ 31 ዓመቴ ነው፤ ያን ድምፅ ዛሬም በሌሊት እሰማዋለሁ።

ጣርማ በር የጻፍኸው ስለ አስተዳደግ ልቤን ነክቶታል። በዚህ አገር የምሞላው ቅጽ ሁሉ ዘሬን ይጠይቀኛል፤ እስከ 12 ዓመቴ በግ ጠባቂ እንደነበርሁ የጠየቀኝ ቅጽ ግን የለም። እናቲቱም «ድራገን» ዘንዶ ማለት ነውና በስሙ ውስጥ ዘንዶ አለ ብላ የምትሰጋ ከሆነ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል በየቤታችን ተሰቅሎ፣ ዘንዶውን እያየን ማደጋችንን ንገሪያት።

የሞላሌው

ጋሼ፣ የጻፉትን አንብቤ አልቅሻለሁ። ይሁን እንጂ ጣርማ በር ባመሰገነው ላይ አልስማማም። አንደኛ፣ ጭማሪውን ከትውልድ ነጥሎ ወደፈለጉት ማዞር በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣ ተጨማሪ መጽሐፍ በአማራጭ ተፈቅዶ ነበር፤ ያኔ ምርጫው ሙሉ በሙሉ የተጫዋቹ ነበር። ሁለተኛ፣ አዲሱ መጽሐፍ ለገበሬ የፈቀዳቸውን ሦስቱን ተመልከት፦ ጉልበት፣ ጽናት፣ ማስተዋል። ዕውቀት የለበትም። ለመኳንንት የፈቀዳቸው ደግሞ ጉልበት፣ ዕውቀትና ግርማ ሞገስ ናቸው። እኔ የመንዝ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ሞላሌ ተምሬ ዛሬ የምተዳደረው በድልድይ ምህንድስና ነው። አባቴ ፊደል ሳይቆጥር የስንት ዓመት ዝናብና ውርጭ በጭንቅላቱ መዝግቦ የያዘ ሰው ነበር። እስራቱን ከደም ፈትቶ በሙያ ማሰር ለእኔ ነፃ ማውጣት አይደለም፤ የገበሬ ልጅ ገበሬ ነው ከሚለው ከድሮው አነጋገር ብዙም አይርቅም።

ጣርማ በር

ወንድሜ፣ ስለ 2020 ያልኸው ትክክል ነው፤ ልጠቅሰው ይገባኝ ነበር። በሁለተኛው ግን ጭማሪውን ከመነሻው ጋር አትቀላቅል። ተጫዋቹ ለስድስቱ መለኪያዎች የሚያድላቸው መነሻ ቁጥሮች 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8 ናቸው፤ ገበሬው 15ቱን ዕውቀት ላይ ማስቀመጥ የሚከለክለው የለም። የሚያጣው ከ15 ወደ 17 የሚያደርሰውን ጭማሪ ነው፤ ይህም ዳይሱ ላይ ከ2 ይልቅ 3 መደመር ነው፣ የአንድ ቁጥር ልዩነት። አባትህ ዝናቡን የመዘገቡበትንም ጨዋታው ማስተዋል ይለዋል፤ ለገበሬው የሰጠውም እሱን ነው። ይህ አልበቃ ካለህ፣ የተራኪው መጽሐፍ አዲስ አስተዳደግ መፍጠርን ይፈቅዳል።

የሞላሌው

የአንድ ቁጥር ልዩነት ዳይስ በተጣለ ቁጥር አብሮ ይሄዳል፤ ለአንድ ዓመት ለሚጫወት ልጅ ትንሽ አይደለም። ቁጥሩ ቢቀር እንኳ፣ የ17 ዓመት ልጅ መጽሐፉን ገልጦ «ገበሬ» ከሚለው ሥር ዕውቀትን ሲያጣው ምን ያነብባል? የተራኪውን መጽሐፍ ግዛና አስተካክል ማለትህም እህታችን ከጠየቀችው ጋር ይጋጫል፤ እሷ እኮ ገንዘብ ነው የቸገራት።

ጣርማ በር

ስለ ገንዘቡ እውነትህን ነው። እህቴ፣ መጀመሪያ ልነግርሽ የሚገባኝ ይህ ነበር፦ አሳታሚው የአዲሱን እትም መሠረታዊ ሕጎች በ2025 እ.ኤ.አ. በነፃ አውጥቷል፤ ስሪት 5.2 ይባላል። ፈቃዱ ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ ማባዛትንም መተርጎምንም ስለሚፈቅድ ወደ አማርኛ መመለስ ይቻላል። እንደ ጦረኛና ጠንቋይ ያሉት የገጸ ባሕርይ ሙያዎች 12ቱም አሉበት፤ ከየሙያው ግን አንድ ንዑስ ሙያ ብቻ ነው ያለው። አስተዳደጎቹም አራት ብቻ ናቸው፦ የቤተ መቅደስ አገልጋይ፣ ወንጀለኛ፣ ሊቅና ወታደር።

የሞላሌው

ገበሬው በነፃው ጭራሽ የለም ማለት ነው። እንግዲያው እኛ እንጻፈው፤ ሦስተኛውን መለኪያ ዕውቀት አድርገን።

የደብረ ብርሃኗ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቆርቆሮውን ገንዘብ ልኬያለሁ፤ የመጻሕፍቱን ነገር ገና አልወሰንሁም። ነፃውን ሰነድ ልጁ ትናንት ማታ በስልኩ አውርዶ፣ ክርክራችሁንም አንብቤለት ደስ ብሎታል። ጋሼ፣ ስለ ሥዕሉ ያሉትን ለእህቴ ነግሬያታለሁ። ልጁ ለአያቱ፣ ማለት ለእናቴ፣ አስተዳደግ መጻፍ ጀምሯል፤ የባና ጸጉር ፈታይ። ለእሷ የመረጣቸው ቅልጥፍና፣ ጽናትና ዕውቀት ናቸው፤ ልዩ ችሎታዋ ምን እንደሚሆን ግን ቸግሮት እናንተን ጠይቂልኝ ብሏል።

ጣርማ በር

በዕውቀት ፈንታ ማስተዋል ብሎ ይጻፍ። ጸጉሩን በእጇ ዳስሳ የትኛው በግ እንደሆነ የምታውቅ ሴት ማስተዋል ነው ያላት።

የሞላሌው

እንዳይነካው። ለአንድ ባና ስንት የበግ ጸጉር እንደሚበቃ፣ ስንት ልቃቂት እንደሚወጣው በቃሏ ታሰላለች፤ ልጁ የጻፈውን እንደጻፈ ይተወው።