የፖውን ኮምፓይለር በሊኑክስ ተርሚናል፦ ፋይሉ እያለ «የለም» ይለኛል

የሰፈር ሰርቨር (ጠያቂ)፦

ሰላም ናችሁ። ከጓደኞቼ ጋር ለሳን አንድሪያስ መልቲፕሌየር (የጂቲኤ ሳን አንድሪያስን ጨዋታ በኢንተርኔት አብሮ የሚያጫውተው)፣ ለሳምፕ ማለቴ ነው፣ የሮልፕሌይ ጌምሞድ፣ ማለትም ጨዋታው ሰርቨሩ ላይ እንዴት እንደሚሄድ የሚወስን ኮድ፣ እየሠራን ነው። እስካሁን ኮዱን በፖውን ቋንቋ የምጽፈው ቤት ባለው የዊንዶውስ ኮምፒውተር፣ ፖውኖ በሚባለው ኤዲተር ነበር። ኤፍ5 እጫናለሁ፣ ኮምፓይል ያደርጋል (ኮዱን ሰርቨሩ ወደሚያስኬደው ፋይል ይቀይራል)፣ አለቀ። አሁን ሰርቨሩን ወደ ኪራይ ማሽን አዛወርነው። ኡቡንቱ 64 ቢት ነው። መስኮት ምናምን የለውም፤ ያለኝ ተርሚናል ብቻ ነው።

ለሊኑክስ የተዘጋጀውን ኮምፓይለር፣ 3.10.10ን፣ አውርጄ ፈታሁት። ፎልደሩ ውስጥ ገብቼ ስዘረዝር ፋይሉ ይታየኛል። የማስኬጃ ፈቃድም ሰጥቼዋለሁ። ስጠራው ግን «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» ይለኛል። እያየሁት እንዴት የለም ይባላል?

ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ። ፖውኖ በአንድ ቁልፍ የሚጨርሰውን ሥራ ተርሚናል ላይ ምን ብዬ ነው የምጽፈው? ኮዳችን ስትሪመር የሚባለውን ፕለጊን (ለሰርቨሩ ተጨማሪ ፈንክሽኖች የሚሰጥ ፋይል) እንደሚጠቀም እወቁልኝ።

ተርሚናል ወዳጅ፦

ሰላም ወንድሜ። ጠፋ የተባለው ኮምፓይለሩ አይደለም፤ እሱን ወደ ሜሞሪ የሚጭነው ሌላ ፋይል ነው። የሊኑክሱ ፖውን ኮምፓይለር የተሠራው በ32 ቢት ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲነሳ ሊኑክስ ቀድሞ የሚፈልገው ባለ 32 ቢቱን ጫኚ ነው። አዲስ በተጫነ 64 ቢት ኡቡንቱ ላይ ብዙ ጊዜ ይህ ጫኚ የለም። ሼሉ፣ ማለትም ተርሚናሉ ላይ ትእዛዝህን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ደግሞ የቱ እንደጠፋ ለይቶ አይነግርህም። አንተ የጠራኸውን ስም ይዞ «የለም» ይላል። ብዙ ሰው ኮምፓይለሩን ደጋግሞ እያወረደ የሚደክመው እዚህ ጋ ነው።

ለማረጋገጥ «ፋይል» የሚለውን ትእዛዝ ጽፈህ የኮምፓይለሩን ስም አስከትል። «ኢኤልኤፍ 32 ቢት» የሚል መልስ ከመጣ ነገሩ ይኸው ነው። መፍትሔው እነዚህ መስመሮች ናቸው። እኔ እንደሚነበቡ በእኛ ፊደል ልጻፋቸው፤ አንተ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ጻፋቸው።

ሱዶ ዲፒኬጂ --አድ-አርኪቴክቸር አይ386
ሱዶ አፕት አፕዴት
ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊብሲ6:አይ386 ሊብኤስቲዲሲ++6:አይ386

የመጨረሻው ላይብረሪ ለሰርቨሩም ይጠቅምሃል። የሳምፕ ሰርቨርም 32 ቢት ስለሆነ ያለዚህ አይነሳም። አንድ ነገር ግን ቀድመህ አጣራ። የተከራየኸው ማሽን ፕሮሰሰሩ ኤአርኤም ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም። ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ መሆን አለበት።

የሌሊት ፈረቃ፦

ተርሚናል ወዳጅ ያለው ልክ ነው። እሱን ስትጨርስ ሌላ ኤረር ሊመጣብህ ስለሚችል ከአሁኑ ልንገርህ። «ሊብፖውንሲ.ኤስኦን መክፈት አልተቻለም» ሊልህ ይችላል። ያወረድከውን ስትፈታ ሁለት ፎልደር ነው ያገኘኸው፤ ቢን እና ሊብ። ቢን ውስጥ ያለው ትንሹ ፕሮግራም መጥሪያ ብቻ ነው። ዋናው ሥራ ያለው ሊብ ውስጥ ባለው ላይብረሪ ነው። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ አጠገቡ ያለውን ላይብረሪ በራሱ አያይም፤ የት እንዳለ ሊነገረው ይገባል።

ላይብረሪውን ወደ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ቅዳውና «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» በል። ይህ ለማሽኑ ሁሉ ይሆናል። የማሽኑን ፎልደሮች መንካት ካልፈለግህ ደግሞ ኮምፓይለሩን ከመጥራትህ በፊት ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ የሚባለውን ቫሪያብል ወደ ሊብ ፎልደሩ አመልክተው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ነገ የኮምፓይለሩን ቨርዥን ስትቀይር አሮጌው ላይብረሪ ሌላ ቦታ ተቀምጦ አያሳስትህም።

የሰፈር ሰርቨር፦

ተባረኩ! ሁለታችሁም ያላችሁት በተራ መጣና በተራ ተፈታ። አሁን ኮምፓይለሩ ይነሳል። የጌምሞዱን ፋይል ስሰጠው ግን «ፌታል ኤረር 100» ብሎ ኤ_ሳምፕ የሚለውን ፋይል ማንበብ አልቻልኩም ይላል። ኢንክሉዶቹን፣ ማለትም ኮዱ የሚጠራቸውን የፈንክሽን ዝርዝር ፋይሎች፣ ከዊንዶውሱ እንዳሉ ገልብጫቸዋለሁ። ዳሽ አይ ብዬ፣ ክፍት ቦታ ትቼ፣ ፎልደሩንም አሳይቼዋለሁ።

ኮደሯ፦

ሰላም። ችግሩ ያቺ ክፍት ቦታ ናት። በፖውን ኮምፓይለር የኦፕሽኑ ፊደልና እሴቱ ተጣብቀው ነው የሚጻፉት። መለየት ከፈለግህ የእኩል ይሆናል ምልክት ወይም ሁለት ነጥብ በመሃላቸው አስገባ። ክፍት ቦታ ከተውክ ግን ኮምፓይለሩ ፎልደሩን እንደ ሌላ የኮድ ፋይል ይቆጥረዋል። ዳሽ አይዋም ባዶዋን ትቀራለች።

ሙሉው ትእዛዝ ይህን ይመስላል፦

./ፖውንሲሲ ጌምሞድስ/ሰፈር.ፒደብልዩኤን -አይ=ፖውኖ/ኢንክሉድ -ኦ=ጌምሞድስ/ሰፈር -ዲ3 "-;+" "-(+"

ፖውኖም ከኋላ የሚጠራው የፖውን ኮምፓይለርን ነው። ኤፍ5 ስትጫን ፖውኖ በአንተ ፈንታ ትእዛዙን ይጽፍልህ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል ምን እንደሚሠራ ማወቁ ይጠቅምሃል።

ዳሽ አይ የኢንክሉድ ፎልደር ናት። ከአንድ በላይ ካለህ ደጋግመህ መጻፍ ትችላለህ። ዳሽ ኦ የሚወጣው የኤኤምኤክስ ፋይል የት በምን ስም እንደሚቀመጥ ትናገራለች። ዳሽ ዲ የዲበግ ደረጃ ናት። 0 ከሆነ ምንም የለም። 1 ሲሆን ፕሮግራሙ በሚሮጥበት ሰዓት እንደ አሬይ ወሰን ያሉ ነገሮች ይፈተሻሉ። 2 ሙሉ የዲበግ መረጃ ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጣል። 3 ደግሞ እንደ 2 ሆኖ ኦፕቲማይዜሽኑን ያጠፋል። በልማት ላይ ላለ ሰርቨር 3ን ተጠቀም። ክራሽዲቴክት የሚባለውን ፕለጊን ከጨመርክ ስህተት ሲፈጠር ከነመስመር ቁጥሩ ሎጉ ላይ ያወጣልሃል። ያለ ዲበግ መረጃ ግን የመስመር ቁጥር አታገኝም።

ሁለቱ መጨረሻ ላይ ያሉት ሴሚኮለንና የፈንክሽን ቅንፍ ግዴታ እንዲሆኑ ያደርጋሉ። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያስገባኋቸው አውቄ ነው። ለሼሉ ሴሚኮለን የአንድ ትእዛዝ ማብቂያ ነው፤ ቅንፍም የራሱ ትርጉም አለው። ጥቅሱን ከተውከው ሼሉ ኮምፓይለሩን ሳይጠራ «ሲንታክስ ኤረር» ይልሃል፣ አንተም ጥፋቱን ኮድህ ውስጥ ስትፈልግ ትውላለህ። በዊንዶውስ ፓወርሼልም ይኸው ነው።

አሁንም 100 ካለህ የፋይል ስሞችን ተመልከት። ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል፣ ዊንዶውስ አይለይም። ኮድህ ስትሪመርን በትንሽ ፊደል ጠርቶ ፋይሉ በትልቅ ከጀመረ ዊንዶውስ ላይ ያልፋል፣ ሊኑክስ ላይ ይወድቃል። ፎልደር ስትጠራም ወደ ኋላ ያዘነበለውን እዝባር ተውና ወደ ፊት ያዘነበለውን ተጠቀም። በ< > መካከል የተጻፈ ኢንክሉድ የሚፈለገው በኢንክሉድ ፎልደሮች ብቻ ነው። በጥቅስ ውስጥ የተጻፈው ግን አሁን ባለው ፎልደርም ይፈለጋል። የራስህን ፋይሎች በጥቅስ ጥራቸው።

ዊንዶውስ ይበቃኛል፦

ይቅርታ፣ እኔ ይህን ሁሉ ድካም አይገባኝም። የኤኤምኤክስ ፋይል ባይትኮድ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኮምፓይል ያደረግከው ፋይል ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሳይለወጥ ይሠራል። ቤት ሠርተህ ፋይሉን ብቻ ላከው። ሰርቨርህ ላይ የኮድ ፋይል ባይኖር ደግሞ ለደህንነትም ይሻላል፤ የሰርቨሩን ፓስወርድ ያገኘ ሰው ኮድህን አይወስድም።

ኮደሯ፦

ባይትኮድ ስለመሆኑ ልክ ነህ። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ምክርህን እቀበላለሁ። ጠያቂው ግን «ከጓደኞቼ ጋር» ብሏል። አንዱ ከድሮው ፖውኖ ጋር በመጣው 3.2፣ ሌላው በ3.10 ኮምፓይል ካደረገ ያው ኮድ አንዱ ጋ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ሌላው ጋ ያስጮኻል። ከዚያ «እኔ ጋ ይሠራል» «እኔ ጋ አይሠራም» እያሉ መነታረክ ነው። አንድ ቦታ፣ አንድ ቨርዥን፣ አንድ ትእዛዝ ይሻላል። ትእዛዙን ቢልድ.ኤስኤች በሚል ፋይል ውስጥ አስቀምጡትና የማስኬጃ ፈቃድ ስጡት። ከዚያ ማናችሁም ብትሆኑ እሱን ብቻ ትጠራላችሁ። ኤፍ5 እንደገና አገኛችሁ ማለት ነው።

የሰፈር ሰርቨር፦

ክፍት ቦታዋን አጠፋሁ፤ የስትሪመርንም ስም አስተካከልኩ። ኮምፓይል አደረገ! ግን የዋርኒንግ መዓት አወረደብኝ። አብዛኛው 239 እና 214 ነው፣ 217ም አለበት። ፖውኖ ላይ 239ንና 214ን አይቼ አላውቅም። ልዝጋቸው ወይስ አሳሳቢ ናቸው?

የሌሊት ፈረቃ፦

አትዝጋቸው፣ አንብባቸው። ፖውንን የሠራው አይቲቢ ኮምፑፌዝ የሚባል የኔዘርላንድ ድርጅት ነው። ሳምፕ የያዘው 3.2ን ነበር፣ እዚያው ላይ ቆየ። በኋላ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ያንን መስመር ይዘው 3.10ን አወጡ። ሲያወጡም ቀድሞ ዝም ይባሉ የነበሩ ነገሮችን የሚናገሩ ዋርኒንጎች ጨመሩ። ኮድህ ስለተበላሸ አይደለም፤ አዲሱ ኮምፓይለር የበለጠ ስለሚያይ ነው።

239 እና 214 የሚያወሩት ስለ ኮንስት ነው። አንድ ፈንክሽን የተቀበለውን ጽሑፍ የማይለውጥ ከሆነ ፓራሜትሩ ፊት ኮንስት ጻፍ። የራስህ ፈንክሽኖች ላይ ይህን ስታደርግ አብዛኛው ይጠፋል። ከሌላ ሰው ኢንክሉድ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የኢንክሉዱን አዲስ ቨርዥን አውርድ። ያ ካልሆነ ብቻ «#ፕራግማ ዋርኒንግ ዲሴብል 239» ማለት ትችላለህ፤ ያውም ያንን ኢንክሉድ ከመጥራትህ በፊት።

217 የመስመር አገባብ መዘበራረቅ ነው። ታብና ክፍት ቦታ ስትቀላቅል ይመጣል። አንዳንዱ ሰው የታብ መጠንን በፕራግማ 0 አድርገው ይላል። አትስማው። ይህ ዋርኒንግ ብዙ ጊዜ የሚጠቁምህ ቅንፍ የረሳህበትን ቦታ ነው። ኤዲተርህን ሁሉንም ወደ አንድ ዓይነት እንዲቀይር እዘዘው።

ኤረር ሲመጣ ደግሞ ሁልጊዜ ከላይ ጀምር። አንድ የተረሳ ቅንፍ ከበታቹ ብዙ የውሸት ኤረር ይወልዳል። የመጀመሪያውን አስተካክለህ እንደገና ኮምፓይል አድርግ።

የሰፈር ሰርቨር፦

ዋርኒንጎቹ አልቀዋል፣ ከልብ አመሰግናለሁ። አንዱ እንዲያውም እውነተኛ ስህተት አሳይቶኛል፤ ከኢፍ በታች ሁለተኛው መስመር ከቅንፍ ውጭ ነበር። አሁን ሰርቨሩን ሳስነሳ «ራንታይም ኤረር 19፦ ፋይል ወይም ፈንክሽን አልተገኘም» ብሎ ጌምሞዱን አልጭንም ይላል። ይህ ደግሞ ኮምፓይለር ነው?

ተርሚናል ወዳጅ፦

አይደለም፣ ኮምፓይለሩ ሥራውን ጨርሷል። ኢንክሉዱ ለኮምፓይለሩ የሚነግረው «እንዲህ የሚባል ፈንክሽን አለ» ብቻ ነው። ፈንክሽኑ ራሱ ያለው ፕለጊኑ ውስጥ ነው፣ የሚፈለገውም ሰርቨሩ ሲነሳ ነው። ከዊንዶውስ የገለበጥከው የስትሪመር ፕለጊን ዲኤልኤል ነው፤ ለሊኑክስ ኤስኦው ያስፈልግሃል። አውርደህ ፕለጊንስ ፎልደር ውስጥ ክተተው። ከዚያ ሰርቨር.ሲኤፍጂ ላይ በፕለጊንስ መስመር ስሙን ከነ «.ኤስኦ» ጻፍ። በሳምፕ ሰርቨር ሊኑክስ ላይ ማብቂያዋ ግዴታ ናት። ኢንክሉዱና ፕለጊኑም የአንድ ቨርዥን ይሁኑ። አዲስ ኢንክሉድ ከአሮጌ ፕለጊን ጋር ካደረግህ ያው 19 ይመለሳል።

አዲስ ገቢ፦

እግረ መንገዴን ልጠይቅ። ተጫዋች ሲገባ «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ በፊደላችን እንዲቀበለው ኮምፓይለሩ ላይ የሚጨመር ኦፕሽን አለ? እኔ ስሞክር ቻቱ ላይ የማይነበብ ነገር ይወጣል።

ኮደሯ፦

የለም፣ ችግሩ ያለው ጨዋታው ጋ ነው። የሳምፕ ክላየንት ጽሑፍን የሚያነበው አንድ ፊደል በአንድ ባይት አድርጎ፣ በዊንዶውስ የድሮ ኮድ ፔጅ (የፊደላት ሰንጠረዥ) ነው። ሩሲያውያን የራሳቸው ኮድ ፔጅ ስላላቸው በፊደላቸው ይጽፋሉ። ለግዕዝ ፊደል ግን እንዲህ ያለ ኮድ ፔጅ ዊንዶውስ አላወጣም፤ ፊደላችን ያለው በዩኒኮድ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምፓይለሩ ቢያሳልፈውም ተጫዋቹ ጋ ሲደርስ ይበላሻል። ለቻቱ አማርኛውን በላቲን ፊደል ጻፈው። የሰርቨሩን ሕግና ረጅም ማብራሪያ ደግሞ በፊደላችን አድርገህ ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ አውጣው። ኮድህ ውስጥ ያለ ኮሜንት ግን በአማርኛ ቢሆን ምንም አይልም፤ ኮምፓይለሩ ይዘለዋል። ለአብሮ አደጎች የሚሠራ ኮድ ከሆነ እንዲያውም በአማርኛ ብታብራሩት ደስ ይለኛል።

የሰፈር ሰርቨር፦

ኤስኦውን አስገባሁ፣ ጌምሞዱ ተጫነ። ቢልድ.ኤስኤችንም ጽፌ ለጓደኞቼ አሳይቻቸዋለሁ። ክራሽዲቴክትን ማታ እጨምራለሁ።