ለዳክዬ መጥሪያ የሚሆን የማይሰነጠቅ እንጨት ምርጫ ላይ ምክራችሁን እሻለሁ

ውድ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች፣

በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት ውስጥ ስኖር፣ የዳክዬ መጥሪያ (አዳኞች የዳክዬ ድምፅ ለማስመሰል የሚነፉት መሣሪያ) በቶርኖ እየቀረጽኩ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ጥር ጥቁር ዋልነት ከተባለው እንጨት የሠራሁት መጥሪያ፣ ውኃ በተኛበት የሩዝ ማሳ ላይ ግማሽ ቀን ከዋለ በኋላ፣ በትንፋሽ እርጥበት አብጦ ምላሱን (ሲነፋ እየተርገበገበ ድምፅ የሚሰጠውን ስስ ቁራጭ) የያዘው ተሰኪ ክፍል አልወጣ አለኝ፤ በማግስቱ ሲደርቅ ደግሞ ከናስ ቀለበቱ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየበት፣ ድምፁም ሻከረ።

አሁን ቦዳርክና ኮኮቦሎ በተባሉ ሁለት እንጨቶች መካከል ለመምረጥ ተቸግሬያለሁ። ቦዳርክ የአጥር ምሰሶ ሆኖ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብስ የሚቆይ የዚሁ አካባቢ እንጨት ነው። ኮኮቦሎ ዘይታማ በመሆኑ እርጥበትን ይበልጥ ቢቋቋምም፣ ብናኙ ቆዳንና ሳንባን ያስቆጣል፤ እኔም የምሠራው ልጆቼ በሚመላለሱበት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ስለሆነ ልቤ ወደ ቦዳርክ ያደላል።

ቦዳርክ ምላሱ ለሚያርፍበት ተሰኪ ክፍልም ይሆናል ወይስ ለውጪው ቀፎ ብቻ? ውስጡንስ በምን ልቀባው? ከአገር ቤት የመጣልኝ በደንብ የደረቀ የወይራ ቁራጭም በእጄ አለ፤ ወይራን ለትንፋሽ መሣሪያ የሞከረ ሰው ካለ፣ ስንጥቁን እንዴት እንደተከላከለ ቢገልጽልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።