ፊየስታ ጠፍቶ ፑማ መምጣቱ ማንን ጠቀመ? (ክርክር)

የኮሎኙ፦ ከ1976 ጀምሮ የነበረውን ትንሹን መኪና ፊየስታን ፎርድ ጁላይ 2023 ላይ እዚሁ ኮሎኝ፣ ጀርመን ማምረት አቆመ፣ ሌላው መኪናው ፎከስም በ2025 ተከተለ። አሁን የፎርድ መሸጫ ስትገቡ ያለው ፑማ ነው፣ ክሮስኦቨር የሚሉት ከፍ ያለ መኪና፣ እሱም ያው ከፊየስታ ቻሲ ላይ ተነስቶ ከፍ የተደረገ ነው። ለዛች ከፍታ ነው ተጨማሪ ዩሮ የምንከፍለው? ለኔ ሰው የሚገዛው ፈልጎት ሳይሆን ተገፍቶ ነው።

የለንደኗ፦ ወንድሜ ተገፍቶ አትበል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ድሮ ትንሿ መኪናዬ ውስጥ ስትገባ ወድቃ ነበር የምትቀመጠው፣ ስትወጣ ደግሞ እኔና ልጄ ስበን ነው የምናወጣት፣ ቃሽቃይ (የኒሳን ክሮስኦቨር) ከገዛሁ ወዲህ ግን በራሷ ገብታ በራሷ ትወጣለች። ማንም አላስገደደኝም። እንግሊዝ በ2023ም በ2024ም አንደኛ የተሸጠው ፑማ ነው እኮ።

የፓሪሱ፦ እሺ፣ ግን ኮፋኖው ከፍ ሲል ፊት ለፊት ያለ ህፃን አይታይም። እኛ ጋ ፌብሩዋሪ 2024 ድምፅ ተሰጥቶ ክብደቱ ለበዛ የቤት መኪና ፓርኪንግ መሃል ከተማ በሰዓት 18 ዩሮ ሆነ፣ ደግ አደረጉ።

የለንደኗ፦ ድምፅ የሰጠው ከመቶ 6 እንኳን አይሞላም። ደግሞ ህጉ በክብደት ነው፣ ከ1.6 ቶን በላይ ይላል፣ ፑማን አይነካውም።

የስቶክሆልሙ፦ ከፍ ያለ መኪና የምንገዛው ለበረዶ ነው የምትሉም አላችሁ፣ ግን አብዛኛው ክሮስኦቨር የሚነዳው በፊት ጎማ ብቻ ነው፣ ወሳኙ የክረምት ጎማ ነው።

የኮሎኙ፦ እህቴ የእናትሽን ጉልበት አልከራከርም፣ እግዜር ይማራቸው። እኔ የምለው ሌላ ነው። የጭስ ማጣሪያው፣ ካሜራው፣ ከጁላይ 2024 ወዲህ ለሁሉም አዲስ መኪና ግዴታ የሆነው በራሱ የሚይዝ ፍሬን፣ ይሄ ሁሉ ትንሽ መኪና ላይም ወጪው ያው ነው፣ ርካሽ መኪና ላይ ሲጫን ትርፉን ይበላዋል፣ ስለዚህ ከፍ አድርገው ስም ቀይረው ወደድ አርገው ይሸጡልሻል። ሰው ሃችባክ (እንደ ፊየስታ ዝቅ ያለ፣ ከኋላ በር ያለው መኪና) አይፈልግም ካልሽኝ ደግሞ በ2024 አውሮፓ ውስጥ አንደኛ የተሸጠው ዳቺያ ሳንደሮ ነው፣ ሃችባክ፣ ለዛውም ከርካሾቹ።

የለንደኗ፦ ሳንደሮ ላይ እውነትህን ነው፣ አላሰብኩትም ነበር። ግን ዋጋው ነው የሸጠው፣ ዝቅ ማለቱ አይደለም።

የኮሎኙ፦ እሱን ነው የምለው፣ ዋጋው! ታናሽ ወንድሜ ሥራ ከጀመረ ገና ሶስት ወሩ ነው፣ መኪና ያስፈልገዋል፣ ፑማ አይችልም፣ ቅዳሜ የ2017 ፊየስታ ልናይ ነው የምንሄደው።