ፋታህ የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅትን እንዴት ተቆጣጠረ?

ጥያቄ፦ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1964 በአረብ ሊግ ድጋፍ ሲቋቋም መሪው አህመድ ሹቀይሪ ነበሩ። የፋታህ (የፍልስጤማውያን የትጥቅ ትግል ንቅናቄ) ሰው የሆኑት ያሲር አራፋት በ1969 ሊቀ መንበርነቱን እንዴት ሊይዙ ቻሉ?

ምላሽ 1፦ ዋናው ምክንያት እስራኤልና የአረብ መንግሥታት ያደረጉት የ1967ቱ ጦርነት ይመስለኛል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በኩዌት በአራፋት፣ በኻሊል አል ወዚርና በባልደረቦቻቸው የተመሠረተው ፋታህ ፍልስጤማውያን የአረብ መንግሥታትን ሳይጠብቁ ራሳቸው መታገል አለባቸው ይል ስለነበር፣ የእነዚያ መንግሥታት ጦር በስድስት ቀናት ሲሸነፍ ክርክሩ ሚዛን ደፋ። ሹቀይሪም በዚያው ዓመት መጨረሻ ሥልጣን ለቀቁ።

ምላሽ 2፦ የካራሜህ ውጊያም ሊዘነጋ አይገባም። በመጋቢት 1968 የፋታህ ተዋጊዎች በዮርዳኖስ ምድር የእስራኤልን ጦር ስለተጋፈጡ ብዙ ወጣቶች ወደ ንቅናቄው ጎረፉ፤ የዮርዳኖስ መድፈኞች ድርሻ ግን በትረካው ውስጥ ያለ አግባብ ተረስቷል። በዚያው ዓመት የታጠቁ ቡድኖች የድርጅቱ ፓርላማ በሆነው በፍልስጤም ብሔራዊ ምክር ቤት መቀመጫ አገኙ፤ በየካቲት 1969 ካይሮ ላይ አራፋት ተመረጡ።