ካፕሪ፦ ጀልባችንን የት እናሳድራት?

ሰላም ወገን! ባሕር የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ድረሱልኝ። እኔና ጓደኛዬ በትንሽ የሸራ ጀልባ ጣሊያን ውስጥ፣ ናፖሊ አጠገብ ያለችው ፕሮቺዳ ደሴት ደርሰናል። የካፕሪ ደሴት ከሩቅ ትታየናለች፤ መጠጊያው ነው የቸገረን። በስተሰሜን ያለው ዋናው ወደብ ማሪና ግራንዴ ሞልቷል። ኦገስት ነዋ!

በደቡብ በኩል፣ ማሪና ፒኮላ ፊት መልሕቅ ጥለን ብናድርስ? ቦታው ለደቡብ ነፋስ ክፍት ነው። የእኛ መልሕቅ ደግሞ ሰንሰለቱ አጭር ስለሆነ ጓደኛዬ በገመድ ቀጥሎታል። «አይዞሽ፣ ይይዛል» ይለኛል። እኔ ግን በዚያ ቋጠሮ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ወይስ እዚሁ ትተናት በናፖሊ በኩል በፌሪ እንሂድ? ካፕሪ ላይ ልናየው የፈለግነው ሰማያዊው የባሕር ዋሻ እንደሆነ አፉ ዝቅ ያለ ነው፤ በታንኳ ተጋድመው ነው የሚገቡት። ማዕበል ካለ ይዘጋል።

እዚያ መልሕቅ ጥሎ ያደረ አለ? ነገ ጠዋት መወሰን አለብን።