ስፓይደርማን 3 የተጨናነቀው በባላንጣዎቹ ብዛት ነው ወይስ በሌላ ምክንያት?

ባለድሩ፦

ተከታይ ፊልም ሁሉ ከቀደመው ያንሳል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የዳይሬክተር ሳም ሬይሚ ሁለተኛ የስፓይደርማን ፊልም ከመጀመሪያው ይበልጣል ብለው ከሚከራከሩት አንዱ ነኝ። ባላንጣው ዶክተር ኦክቶፐስ ብቻ ነበር። ሰውየው በአንድ ሙከራ ሚስቱንም፣ ክብሩንም፣ በገዛ አእምሮው ላይ የነበረውን ሥልጣንም ሲያጣ እናያለን፤ ፒተር ፓርከርም በዚያው ሰሞን ሥራውን፣ ትምህርቱንና የሚወዳትን ልጅ ሜሪ ጄንን በግዴታው ምክንያት እያጣ ስለነበር ሁለቱ ሲፋጠጡ ጠባቸው የጉልበት ብቻ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ወጣው ሦስተኛ ክፍል ስንመጣ ግን ሳንድማን አለ፣ የአባቱን ደም ሊመልስ የሚፈልገው የፒተር ጓደኛ ሃሪ አለ፣ ቬነም አለ። በዚህ ላይ ከሰማይ የወረደው ጥቁር ልብስ፣ ግዌን ስቴሲ፣ የሜሪ ጄን ከመድረክ ሥራዋ መባረር፣ የጋብቻው ጉዳይና ተዘግቶ የነበረው የአጎት ቤን ግድያ እንደገና መከፈት ተጨምረውበታል። ይህ ሁሉ በ139 ደቂቃ ውስጥ ነው።

ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር የማይረባ ቢሆን ኖሮ ትቼው አልፍ ነበር። የሚያንገበግበኝ ግን ውስጡ ጥሩ ፊልም መኖሩ ነው። ሳንድማን የሚሆነው ፍሊንት ማርኮ አካሉ ወደ አሸዋነት ከተለወጠ በኋላ ለመነሣት የሚታገልበትን ትዕይንት አስታውሱ። አንድም ቃል አይነገርም። ቅንጣቶቹ ይንከባለላሉ፣ ይከማቻሉ፣ ክምሩ ራስና ትከሻ ያወጣል፣ ወዲያው ይናዳል፣ እንደገና ይቆማል። የልጁ ፎቶ ያለበትን የአንገት ጌጥ ሊያነሣ ሲሞክር እጁ በጌጡ ላይ ይፈርስበታል፤ እጅ የሚባል ነገር ለማበጀት አቅሙን የሚያሰባስበውም ከዚህ በኋላ ነው። የታመመች ልጁን ለማሳከም ሲል የሚሰርቅ አባት እንዲህ ካስተዋወቀን በኋላ ፊልሙ ለረጅም ጊዜ ይረሳዋል፤ ሲያስታውሰው ደግሞ የቬነም አጋዥ አድርጎ ይመልሰዋል። ልጅቱ ትዳን አትዳን እንኳ ሳንሰማ ፊልሙ ያልቃል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ጥፋቱ በእርግጥ የገጸ ባሕርያቱ ቁጥር ነው? ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ጀግኖችን ይዘው ያልተጨናነቁ ፊልሞችን ስላየሁ መልሱ እንዲህ ቀላል አልመስል ብሎኛል።

ኮሚክ አንባቢ፦

እኔ ጥፋቱን የማየው ከጊዜ አንጻር ነው። ጥቁሩ ልብስ በኮሚኩ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን ቬነም ሙሉ ሆኖ የወጣው በ1988፣ በ300ኛው እትም ነው። አንባቢው ልብሱን ለምዶት፣ ወዶት፣ ከዚያም ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ሲያውቅ ደንግጦ፣ ፒተር ሲጥለው እፎይ ብሎ ነበር። ተጥሎ የቆየው ነገር ሌላ ሰው ለብሶት ሲመለስ የሚያስፈራውም ስለዚህ ነው። ፊልሙ ይህን ሁሉ ከሌሎች ሁለት የበቀል ታሪኮች ጋር አንድ ላይ ሊጨርስ ሞከረ።

በኋላ ቬነም የሚሆነው ኤዲ ብሮክ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ፒተር ፓርከርን እንዲገድልለት እግዚአብሔርን የሚለምንበት ቦታ ለእኔ ከፊልሙ ምርጥ ሐሳቦች አንዱ ነው፤ አስቂኝም አስፈሪም ነው። ነገር ግን እዚያ እስኪደርስ ድረስ ብሮክን ያየነው እዚህም እዚያም ብቅ ሲል ብቻ ስለሆነ ጥላቻው ይነገረናል እንጂ አይሰማንም። በኮሚኩ የፒተር ፍቅረኛ ስለነበረችው ግዌን ብዙ ባልናገር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የሞተችበት እትም የኮሚኩን ዓለም ያናወጠ ነበር፤ እዚህ የመጣችው ግን በዋናነት ሜሪ ጄንን ለማስቀናት ነው።

ሴራ ፈቺ፦

ኮሚክ አንባቢ የጠቀሱት የጊዜ ጉዳይ ትክክል ቢሆንም ሥሩ ግን ከዚያ በታች ያለ ይመስለኛል። የአንዱ ታሪክ ለሌላው ምክንያት አልሆነም።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የባትማን ፊልም ዘ ዳርክ ናይት ሁለት ከባድ ባላንጣዎች ነበሩት፤ ሆኖም ሃርቪ ዴንትን የሰበረው ጆከር ስለሆነ ሁለተኛው ባላንጣ የመጀመሪያው የሥራ ውጤት ነበር። በ2018 የወጣው የአቬንጀርስ ኢንፊኒቲ ዋርም ቢሆን ያን ሁሉ ሕዝብ ይዞ መንገድ ያልሳተው፣ በአንድ በኩል 18 ፊልሞች ቀድመው ማስተዋወቁን ስለሠሩለት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉም ሰው የሚሮጠው ባላንጣው ታኖስ ስድስቱን ድንጋዮች እንዳይሰበስብ ስለሆነ ነው። ማንኛውንም ትዕይንት ቆርጣችሁ ይህ ለምን ሆነ ብትሉ መልሱ ታኖስ ጋ ያደርሳችኋል።

በስፓይደርማን 3 ግን እንዲህ ብላችሁ ስትጠይቁ የምታገኙት አጋጣሚን ነው። ጥቁሩን ነገር የያዘው ድንጋይ ከዓለም ሁሉ መርጦ ፒተር አጠገብ ይወድቃል። ማርኮ ከፖሊስ ሲሸሽ ወደ አሸዋ የሚለውጠው ሙከራ ልክ ሊጀመር ሲል ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ሃሪ ጭንቅላቱን ተመትቶ ይረሳል፤ ታሪኩ ጠላት ሲያስፈልገው ደግሞ ያስታውሳል። ቬነምና ሳንድማን አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ተገናኝተው ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች በተለዋወጡበት ቅጽበት ይተባበራሉ። ሃሪን ከበቀል የሚመልሰው ማን እንደሆነ ደግሞ ታስታውሳላችሁ፤ የቤቱ አገልጋይ! የሃሪን አባት አሟሟት እውነት ያን ሁሉ ጊዜ ሆዱ ውስጥ ይዞ ለምን ዝም እንዳለ የነገረን የለም።

አንድ ሙከራ ልጠቁማችሁ። ቬነምን በሐሳባችሁ አውጡት። የማርኮና የፒተር ታሪክ፣ ማለትም አጎቱን የገደለበትን ሰው ማሳደዱና በመጨረሻ ይቅር ማለቱ፣ ምንም ሳይጎድልበት ይቆማል። ወጥቶ የማያጎድል ባላንጣ ከመጀመሪያው መግባት አልነበረበትም።

ከመጋረጃ ጀርባ፦

አገባቡም የሚያሳዝን ነው። ሬይሚ የሚወዱት የድሮዎቹን ባላንጣዎች ነበር፤ ቬነም እንዲገባ የገፋፉት ፕሮዲውሰሩ አቪ አራድ ሲሆኑ፣ የተሟገቱትም አድናቂው ይፈልገዋል በሚል ነበር። ሬይሚ ከዓመታት በኋላ ስለ ፊልሙ ሲጠየቁ ሁሉንም ገጸ ባሕርያት ከልባቸው እንዳላመኑባቸው ተናግረዋል። የስክሪፕቱ ጸሐፊ አልቪን ሳርጀንትም ታሪኩ ስለበዛባቸው ለሁለት ፊልም ሊከፍሉት አስበው ነበር፤ የመጀመሪያውን ፊልም የሚዘጋ መሀል ላይ የሚገኝ ፍጻሜ ስላጡ ተዉት።

ፊልሙ ከ890 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስላስገባ፣ ይህም ከሦስቱ ከፍተኛው ስለሆነ፣ በገንዘብ ረገድ ስቱዲዮው ሶኒ የሚቆጭበት ነገር አልነበረም። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል እ.ኤ.አ. በ2014፣ በሌላ ዳይሬክተርና በሌላ ተዋናይ፣ ኤሌክትሮ፣ ግሪን ጎብሊንና ራይኖ የተባሉ ባላንጣዎችን አንድ የስፓይደርማን ፊልም ውስጥ አስገብቶ፣ ገና ላልተሠሩ ፊልሞች ማስታወቂያ ጭምር ያሸከመው። የዚያኛው ገቢ ግን አሽቆለቆለ፤ በቀጣዩ ዓመትም ሶኒ ገጸ ባሕርዩን ከማርቭል ጋር በጋራ ለመጠቀም ተስማማ።

ይቅርባይ፦

ለፊልሙ የሚቆም ሰው ስላጣሁ ልቁም። ሴራ ፈቺ አጋጣሚ የሚሏቸውን ነገሮች የሚያያይዝ አንድ ሐሳብ አለ፤ ሁሉም የበቀል ሰዎች ናቸው። ሃሪ ይበቀላል፣ ብሮክ ይበቀላል፣ ከሁሉ የከፋው ግን ጥቁሩን ልብስ ለብሶ የሚበቀለው ፒተር ነው። ሳንድማን በመጨረሻ አጎት ቤንን መግደል እንዳልፈለገ ሲነግረው ፒተር ይቅር ብየሃለሁ ይለዋል፤ አሸዋውም በነፋስ ይሄዳል። በጡጫ የማያልቅ የጀግና ፊልም ስንት ጊዜ አይታችኋል?

ባለድሩ፦

ይቅርባይ ያነሡት ፍጻሜ ለእኔም ከፊልሙ ጋር ያላቆራረጠኝ ነው። ነገር ግን ይቅርታው እንዲከብድ ከማርኮ ጋር ብዙ መቆየት ነበረብን፤ ያን ጊዜ የወሰደብን ደግሞ ቬነም ነው። ሐሳቡ አንድ መሆኑ ደቂቃውን አላበዛውም።

ስለ ሳርጀንት ያነበብሁት ግን አሳሰበኝ። መሀል ላይ የሚሆን ፍጻሜ ጠፋ ይባላል እንጂ፣ ፒተር በደወሉ ማማ ላይ ልብሱን ከገላው እየቀደደ ሲጥልና ጥቁሩ ነገር ከታች በቆመው ብሮክ ላይ ሲንጠባጠብ ፊልሙ እዚያው ቢቆም ምን ይጎድለው ነበር? ቬነም ለሚቀጥለው ክፍል ሙሉ በሙሉ ይቀርለት ነበር።

ሴራ ፈቺ፦

የሚጎድለው ማርኮ ነው። ፒተር ከደወሉ ማማ አስቀድሞ በምድር ውስጥ ባቡሩ ዋሻ የውኃ ቧንቧ ሰብሮ አጥቦታል፣ ገድየዋለሁም ብሎ ያምናል። እርስዎ ባሉበት ቦታ ከቆመ ማርኮ ጭቃ ሆኖ እንደፈሰሰ ይቀራል፤ ይቅር የሚባል ሰው አይኖርም። ሐሳብዎ እንዲሠራ የዋሻው ፍልሚያ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከማማው ጋር መያያዝ አለበት፤ ፒተር ሰው ገደልሁ ብሎ የሚደነግጠው እዚያ ይሆናል፣ ልብሱን የሚጥለውም በዚሁ ድንጋጤ ይሆናል። አሁን ባለው ፊልም ወደ ማማው የሚወስደው በጃዝ ቤቱ ጠብ ሜሪ ጄንን መትቶ መጣሉ ነው፤ ማርኮን ከመግደል ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር የለም።